ያለችውን ሁሉ ተረጎምኩላት

ቂም አልይዝም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እቀናበታለሁ። እኔ ቂመኛ ነኝ፤ አንዴ የያዝኩትን አልለቅም። ያቺን ሴትዮም ለዓመታት በሆዴ ይዣት ኖሬያለሁ።

ልጄ እኩዮቹ ሁሉ ሲያወሩ አፉን ሳይፈታ ቢቀርብኝ፣ ሐይቅ ዳር ወዳለ አንድ የሕፃናት ድጋፍ ማዕከል ወሰድኩት። ባለሙያዋ ልጁን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። እኔን ከእግር እስከ ራሴ ቃኘችኝና አጠገቧ ለተቀመጠችው ባልደረባዋ፣ እንዲህ ያሉ እናቶች መውለድ እንጂ ማሳደግ አያውቁም አለቻት። እኔ ፊታቸው ቁጭ ብያለሁ። አንድ ቃል ሳልመልስ ልጄን አቅፌ ወጣሁ። በኋላ ሌላ ቦታ ሲመረመር ለካ ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር። ታክሞ ዛሬ ወሬኛ ሆኖልኛል። እኔ ግን ያንን ንግግር አልረሳሁትም።

አሁን ሥራዬ ቤተሰቦችን ወደ እንዲህ ያሉ ማዕከላት ይዞ መሄድ ነው። ቀጠሮ አስይዝላቸዋለሁ፣ አብሬያቸው እገባለሁ፣ የሲዳማን ቋንቋ፣ ሲዳሙ አፎን፣ ብቻ ለሚናገሩት ደግሞ እተረጉማለሁ። ሰው የበጎ ሰው ሥራ ነው ይለኛል። በጎነቱን እንጃ፤ እኔ የገባሁበት በእልህ ነው።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ከተማችን ውስጥ ካለው አዲስ ከተማ ሰፈር አንዲት እናት መጣችብኝ። ሴት ልጇ አራት ዓመት ሞልቷታል፣ አትናገርም። እናትየዋ ወደ አንድ ማዕከል ብቻዋን ስትሄድ፣ የሚነግሯት በማትችለው በአማርኛ ስለሆነ ሳይገባት ትመለስ ነበር። እነሱም አትተባበርም ብለው፣ ልጅቷን ከድጋፍ ክፍሉ አስወጥተው ቦታዋን ለሌላ ልጅ ሊሰጡ ነው። በያዝኩላት ቀጠሮ ቀን ካላሳመንናቸው አለቀ። በባጃጅ ሄደን ስንገባ ማዕከሉ ያው ማዕከል፣ ባለሙያዋም ያቺው ራሷ ናት። ሳያት ደሜ ፈላ። እሷ እኔን ከነመፈጠሬም አታስታውሰኝም።

ገና ከመቀመጣችን ልጅቷ ጠረጴዛውን በእጇ መደብደብ ጀመረች። ባለሙያዋ ወደ ባልደረባዋ ዘወር አለችና፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ያንኑ ነገር ደገመችው፤ እንዲህ ያሉ እናቶች መውለድ እንጂ ማሳደግ አያውቁም። እኔም አንዲት ቃል ሳላጎድል ለእናትየዋ ተረጎምኩላት።

ባለሙያዋ ምን እንደተረጎምኩ ገብቷት፣ "እሱን እኮ ለእሷ አላልኩም። ለምን ትተረጉሚላታለሽ?" አለችኝ።

ይህንንም ተረጎምኩ። ከዚያ ወደ ባለሙያዋ ዞሬ፣ "የመጣሁት እዚህ የሚባለውን ሁሉ ልነግራት ነው፤ እርስዎ ይቀጥሉ" አልኳት። ፊቷ ቀላ። አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። እናትየዋ ሻሿን አስተካክላ ልጇን አቀፈችና ተነሳች። እኔም ያኔ የወጣሁት ልክ እንደዚያ ነበር። ከበሩ ካለፈች ቦታው እንደሚሄድባት አውቃለሁ። የራሴን ቂም ልወጣ ብዬ የሰው ልጅ ሜዳ ላይ ልጥል ነው ብዬ ደነገጥኩ።

እሷ ግን በሩ ጋ ስትደርስ ቆመችና ወደ እኔ ዞረች።

"ንገሪያት" አለችኝ በቋንቋዋ። "ስለ እኔ ያለችውን ሰምቻለሁ። ስለ ልጄስ ምን አለች? ከገባን ጀምሮ አንዴም አላየቻትም።"

ይህንን ስተረጉም ሆን ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት እናቶች እንዲሰሙልኝ ፈልጌ ነው። ባልደረባዋ አፍራ አቀረቀረች። ባለሙያዋ ልጅቷን አውርጃት አለችና ከወንበሯ ተነስታ፣ ከኋላዋ ሆና በስሟ ጠራቻት። ልጅቷ አልዞረችም። አጨበጨበች። አሁንም አልዞረችም። ባለሙያዋ ወደ ወንበሯ ተመልሳ ወረቀት ሳበች።

ለጆሮ ምርመራ ላከቻት፤ ቦታዋም እንደማይነካ ከራሷ አፍ ሰማን። ይቅርታ የሚባል ግን አልወጣትም።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ ተኛች። እናትየዋ፣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ነሽ የተቃጠልሽው፣ ያቺ ሴትዮ ምን አድርጋሽ ነው ብላ ጠየቀችኝ። የልጄን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ከንፈሯን እየመጠጠች ሰማችኝና ተቆጣችኝ።

"ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ! ያንቺንም ጨምሬ እነግራት ነበር።"