ሞልቶ የሚመለሰው ኮዳ

ሰውየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። በየፌርማታው «ኧረ ወደ ውስጥ ገባ በሉ!» እያለ ስለሚጮህ ባልደረቦቹ «ገባ በሉ» ይሉታል። ጠዋት ላይ ላገኘው ሰው ጨዋታ አዋቂ ነው። አንዲት ባልቴት ደረጃውን ሲወጡ ካየ «ቀስ ይበሉ እማማ፣ መኪናው የእርስዎ ነው» ይላቸዋል። ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ፊቱ ይጠቁራል፣ የሚያወራው በጥሩምባው ነው፣ መልስ የጠየቀው ተሳፋሪ ሁሉ ጠላቱ ይመስለዋል።

በሥራ ሰዓት ውሃ የሚባል ነገር አይቀምስም። መስመሩ ረጅም ነው፣ መጸዳጃ ያለው ደግሞ መነሻው ላይ ብቻ። ያን ሁሉ ሰው ጭኖ «አንዴ መጣሁ» ብሎ መውረድ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይነዳና ማታ ቤቱ ሲገባ ሰላም እንኳ ሳይል ጆጉን አንስቶ ግጥም ያደርጋል።

ሦስተኛ ክፍል የምትማር አንዲት ልጅ አለችው፣ የዓይኑ ብሌን። አንድ ቀን መምህሯ ስለ እሷ አስጠራችው።

«ልጅዎ ጠዋት ጠዋት እሳት የላሰች ናት» አለችው። «ከምሳ በኋላ ግን እኔም አላውቃትም። ራሴን አመመኝ ትላለች፣ አሁን ያነበበችውን መልሳ ትረሳዋለች። ሰው ሲነካት ትነጫነጫለች። ትናንት ደግሞ አጠገቧ የምትቀመጠውን ልጅ ደብተር ቀደደችባት።»

«የኔ ልጅ?»

«አዎ፣ የእርስዎ ልጅ። ቤት ውስጥ የተፈጠረ ነገር ይኖር ይሆን?»

ደሙ ፈላ። «ቤታችን ሰላም ነው! የምታበላሿት እናንተ ናችሁ!» አለና በሩን አላግቶባት ወጣ።

ማታ ሚስቱ የልጅቱን ምሳ ዕቃ ልታጥብ ቦርሳዋን ስትከፍት ኮዳውን አውጥታ ነቀነቀችው።

«ይኸው፣ ዛሬም ሞልቶ ተመለሰ! ጠዋት የሞላሁትን ውሃ ማታ ራሴው እደፋዋለሁ። አንቺ ልጅ፣ ለምንድን ነው የማትጠጪው?»

ልጅቱ አባቷን ቀና ብላ አየችው። «አባዬ ነዋ ያለኝ።»

«እኔ? መቼ?»

«የሽንት ቤቱ በር አይቆለፍም፣ ወንዶቹ እየገፉ ይስቁብናል ስልህ፣ ‹ውሃ ካልጠጣሽ አይመጣብሽም፣ እኔም እንደዛ ነው የማደርገው› አልከኝ። እኔም እንዳንተ እችላለሁ።»

ሰውየው ክው አለ። እውነቷን ነው። አንድ ጠዋት ለሥራ እየተጣደፈ፣ የጫማዋን ክር እያሰረላት፣ እንደ ቀልድ ጣል ያደረገው ቃል ነበር። ልጅቱ ግን ሕግ አድርጋ ያዘችው። ከአባቷ ጋር የምትጋራው ጀግንነት መስሏት ኖሯል።

«ምክር ካልቀረ እንዲህ ነው!» አለች ሚስቱ። ወዲያው ግን ፊቱን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንተም እኮ ጆጉን ሳትጨርስ ከሰው ጋር አታወራም። እሷ ገና ልጅ ናት፣ እንዴት ትችለዋለች?»

በእረፍት ቀኑ ተመልሶ ትምህርት ቤት ሄደ። መምህሯን ይቅርታ ጠየቀና ነገሩን ከነሥሩ ነገራት። እሷም ሰምታው ሲያበቃ «እኔም ከጥፋቱ አልወጣም» አለች። «ክፍሉ እንዳይረበሽብኝ ብዬ በትምህርት ሰዓት መውጣት ከልክያለሁ። ልጅ ደግሞ ሲጠማው ሁልጊዜ ጠማኝ አይልም። ይፈዝዛል፣ ይጣላል፤ እኛ ስንፍና እንለዋለን።»

ርዕሰ መምህሩ ስለ በሩ ሲጠየቁ «አመልክተናል፣ ይሠራል ተብለናል» አሉ።

«እስኪሠራ እኔ ልሞክረው» አለ ሾፌሩ።

መቀርቀሪያና ብሎን ይዞ መጣ። መጀመሪያ የገጠመው በራሱ ቁመት ልክ ስለነበረ ትንንሾቹ ቢንጠራሩም አልደረሱበትም፤ ተሳሳቁበት። ነቅሎ ዝቅ አድርጎ መታው። ልጅቱ ገብታ ቀረቀረችና ከውስጥ ጮኸች።

«አባዬ፣ ግፋው!»

ገፋው።

«እንደሱ አይደለም፣ በደንብ ግፋው!»

በትከሻው ገፋው። በሩ ንቅንቅ አላለም። ከውስጥ ሳቋን ሰማና ሆዱ ባባ፤ መፍቻውን የሚፈልግ መስሎ ጎንበስ አለ።

መምህሯ ኮዳ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ፣ የጠየቀም ልጅ እንዲወጣ ፈቀደች። የመጀመሪያው ሰሞን መከራ ነበር፤ ደብተር ረጠበ፣ ግማሹ ክፍል ባንዴ ልውጣ አለ። ቆይቶ ግን ረገበ። ልጅቱን ራስ ምታቱ ተዋት። ከምሳ በኋላ ጮክ ብላ የምታነብ፣ አጠገቧ ከምትቀመጠውም ልጅ ጋር ታርቃ የምታሾካሹክ ሆነች።

«ሒሳቧ ግን እንደ ድሮው ነው» አለችው መምህሯ መንገድ ላይ ስታገኘው። «ውሃ ማባዛት አያስተምርም።»

እሱም መነሻው ላይ ሲደርስ መጠጣት ጀምሯል። ማታ ልጁ «ዛሬስ ጠጣህ?» ትለዋለች፣ እሱም «ትንሽ» ይላል፤ አንዳንዴ እውነቱን ነው፣ አንዳንዴ አይደለም። በመስመሩ መጨረሻ ላይም መጸዳጃ ቤት እንዲሠራላቸው ከባልደረቦቹ ጋር ሆነው አለቆቻቸውን ጠይቀዋል። መልሱ ገና አልመጣም።