ፒንሳና ታናሿ በኮረኮንቹ መንገድ

ፒንሳ ያሏት ሰፈርተኞቹ ናቸው። አንዴ የያዘችውን አትለቅም፤ የዛገ ብሎን ይሁን ቂም ይሁን ለእሷ ልዩነት የለውም። ብስክሌት ጠጋኝ ነች። ዕድሜዋ አርባን ተሻግሯል፣ ጣቶቿ በግራሶ ጠቁረው ሳሙና ተስፋ ቆርጦባቸዋል። ደንበኛ ሲያስቸግራት መፍቻዋን ታስቀምጥና ዝም ብላ ታየዋለች። ብዙው ሰው ከዚያ በኋላ የተባለውን ተቀብሎ ይሄዳል።

ሱቁ የአባቷ ነበር። አባትየው በወጣትነቱ ተወዳዳሪ፣ ኋላ ጠጋኝ፣ በመጨረሻም ከወንበሩ ሳይነሳ ሁሉን የሚያዝ ሽማግሌ ሆኖ ሲሞት ሱቁን ለሁለት ሴት ልጆቹ ተወላቸው። መቼም ሰው ሲሞት የሚተወውን ነገር አስቦበት ቢተው ጥሩ ነበር። ታላቅየዋ መጠገን እንጂ መሸጥ አትወድም። ታናሽየዋ ደግሞ አዲስ ብስክሌት መስታወት ፊት ደርድራ መሸጥ እንጂ የሰው አሮጌ ማሸት ያንገሸግሻታል። ይሄ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። አንድ ቀን ግን የፒንሳ የድሮ ደንበኛ የሆነ ፖስተኛ የተሰነጠቀ ብስክሌቱን እየገፋ ሲመጣ ፒንሳ አልነበረችም። ታናሽየዋ ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ ይሄ አይበየድም፣ ተስፋ ቁረጥ ብላ አዲስ ሸጠችለት። ፒንሳ ስትመለስ ፖስተኛው በአዲሱ ሲከንፍ መንገድ ላይ አገኘችው፤ አሮጌውን ደግሞ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ተጥሎ አየችው። ስንጥቁን በጣቷ ዳሰሰችው። የሚበየድ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ፒንሳ ከወለል እስከ ጣሪያ ችፑድ አቁማ ሱቁን ለሁለት ከፈለችው። በንዴት የተሠራ ግድግዳ ስለሆነ ማንም አላሰበበትም። የመብራቱ ማብሪያ በታናሽየዋ በኩል ቀረ፣ ጎማ የሚነፋው ኮምፕሬሰር በፒንሳ በኩል። ታናሽየዋ ዘግታ ስትወጣ መብራቱን ድርግም ታደርገዋለች፤ ፒንሳም ብሎን በእጇ እንደያዘች ጨለማ ውስጥ ትቀራለች። ታናሽየዋ የምትሸጠው ብስክሌት ጎማው የተነፈሰ እንደሆነ ደግሞ ፒንሳ ኮምፕሬሰሩን ነቅላ ሻይ ልትጠጣ ትወጣለች። የሚነጋገሩት በእናታቸው በኩል ነው። አሮጊቷ ከሱቁ በስተጀርባ ባለችው ክፍል መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ አንዷ በዚህ በር አንዷ በዚያ በር ብቅ እያሉ "እማዬ፣ ለዚያች ንገሪልኝ" ሲሏት ትውላለች። በመሃላቸው ያለችው አንዲት ስስ ችፑድ ስለሆነች የሚባለውን ሁሉ ሁለቱም ይሰማሉ። እሷ ግን መድገም አለባት።

በመጨረሻ አሮጊቷን መረራት። በየዓመቱ ከከተማው ወጥቶ፣ በኮረኮንች መንገድ ሸንተረሩን ዞሮ፣ ማምሻውን የሚመለስ የብስክሌት ውድድር አለ። አባትየው ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ ይወዳደርበት ነበር፤ ልጆቹም መንገዱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። እናትየው ሁለቱንም ጠርታ ፊቷ አቆመቻቸውና፣ ሁለታችሁም ትወዳደራላችሁ አለች፤ ቀድማ የገባችው ሱቁን ትይዛለች፣ የተቀደመችው ዕቃዋን ጠቅልላ ትወጣለች፣ እኔም ከእንግዲህ ማንንም ለማንም አልነግርም። ሁለቱም እሺ አሉ። እሺ ያሉት እናታቸውን አክብረው ሳይሆን እያንዳንዷ እንደምታሸንፍ ስላልተጠራጠረች ነው።

የውድድሩ ደንብ ጥብቅ ነው። የሚከተል መኪና የለም፤ የተሰበረበት ራሱ ይጠግናል፣ እርዳታ ካስፈለገው ደግሞ መቀበል የሚችለው ከሌላ ተወዳዳሪ ብቻ ነው። አሮጊቷ በባሏ ዕድሜ ሙሉ ይህን ደንብ ስትሰማ የኖረች ሴት ነች። ምን እንዳሰበች ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። ልጆቿ ግን እልህ ዓይናቸውን ጋርዶት ነበርና ልብ አላሉትም።

ዋዜማውን ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። ፒንሳ ብስክሌቷን ገልብጣ ስታሰናዳ ታናሽየዋ በወዲያኛው በር ብቅ ስትል ተሰማት።

"እማዬ፣ ለዚያች ንገሪልኝ። ነገ ሸንተረሩ ሥር ያለው ዋልካ ጭቃ ነው የሚሆነው። ሰፊ ጎማ ካሰረች ጭቃው ጎማውን በያዘው ሹካ ውስጥ ይጠቀጠቅና አይዞርላትም። ቀጭን ትሰር።"

ፒንሳ መፍቻዋን እንደያዘች ቆመች። እውነት ለመናገር ቀጭኑን ልታስር ነበር፤ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። ቃሉ ከችፑዱ ማዶ ሲመጣ ግን ወዲያው ሸተታት። ይህቺ ልጅ ለኔ ደግ የምትመኝበት ምን ምክንያት አላት አለች በልቧ። ቀጭን አስሬ ጠጠሩ ላይ እየፈነዳ እንዲያስቀምጠኝ ነው። አሮጊቷ መልእክቱን ለመድገም አፏን ስትከፍት፣ ሰምቻለሁ አለቻት፤ ቀጭኑን መልሳ ሰቀለችና ሰፊውን አሰረች። ታናሽየዋ ዋሽታ ቢሆን ኖሮ ፒንሳ ትድን ነበር።

በማግስቱ መነሻው ላይ ቁሩ ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር። ከተመዘገበው ሰው ግማሹ ሰማዩን አይቶ ቀርቷል፤ የመጣውም መምጣቱን እየረገመ ነው። እህትማማቾቹ በሰልፉ ወዲያና ወዲህ ጫፍ ቆሙ። እናታቸው ጃንጥላ ይዛ መሃል ላይ ቆማ ለአንዳቸውም ይቅናሽ አላለችም።

የመጀመሪያው መንገድ ጠጠር ስለነበረ ለፒንሳ ተመቻት። ሰፊው ጎማ ድንጋዩን ዋጥ እያደረገ ይሄዳል። ዝናቡ ፊቷን ይገርፋታል፣ ከፊቷ ያለው ሰው ጎማ የሚረጨው ውሃ አፏ ውስጥ ይገባል፣ ንፋሱ መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ቦይ ውስጥ ሊከታት ይታገላታል። ግድ አልሰጣትም። ዞር ብላ ታናሿ ወደ ኋላ መቅረቷን ስታይ ሆዷ ቅቤ ጠጣ። ማታ በእናቷ በኩል የምትልክባትን ስድብ ሁሉ ከወዲሁ ማሰናዳት ጀመረች።

ዋልካው ጋ ስትደርስ ስድቡ ጠፋባት። ጥቁሩ ጭቃ ጎማውን ጠቀለለው፣ በጎማውና በሹካው መሃል ተጠቀጠቀ፤ የፊት ጎማዋ ድንገት ቀጥ አለና በመሪው ላይ አልፋ በግንባሯ ተደፋች። ተነስታ በእንጨት ፋቀችው። ጥቂት ሄዶ ቆመ። በጣቷ ጎረጎረችው። እንደገና ቆመ። በመጨረሻ ብስክሌቱን ከነጭቃው ትከሻዋ ላይ አድርጋ መራመድ ጀመረች፤ ጫማዋም በየእርምጃው ጭቃ እየጨመረ እግሯን እንደ ግንድ አከበደው። ጭቃውን ሰደበችው፣ ሰማዩን ሰደበችው፣ ከሁሉም አብልጣ ደግሞ እውነቱን የነገረቻትን እህቷን ሰደበቻት።

ታናሽየዋ በቀጭኑ ጎማዋ እያዘገመች፣ ግን ሳትቆም፣ ደረሰችባት። ሰፊውን ጎማ አየችው፣ ከዚያ ፒንሳን አየቻት፣ አለፈች። ብትስቅባት ይሻላት ነበር።

ሸንተረሩ ላይ በረዶ መጣ። ሄልሜቷን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ይደበድበዋል፤ ጣቶቿ ፍሬኑን መያዝ አለመያዛቸውን የምታውቀው በዓይኗ እያየች ነው። ከተወዳዳሪዎቹ ጠንካሮቹ ርቀው ሄደዋል፣ የቀሩት ደግሞ አንድ በአንድ እየተመለሱ ነው። አንዱ ቁልቁል ሲያልፋት፣ ሴትዮ ተመለሺ፣ ለዚህ ብለሽ ልትሞቺ ነው ወይ አላት። ሱቁ ታሰባት። ከዚያ ወጥታ ምን ልትሆን ነው? በሰው ሱቅ ተቀጥራ፣ ከእሷ የሚያንስ ልጅ ይሄ አይጠገንም ሲላት እሺ ጌታዬ ልትል ነው። ሌላ የምታውቀው ነገር የለም። ጥርሷን ነክሳ ገፋች።

ጫፉ ላይ ጉሙ ሳሳ ሲል መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው ታያት። ታናሿ ነበረች። ብስክሌቷ ተገልብጧል፣ የተበጠሰው ሰንሰለት እግሯ ሥር ወድቋል፣ እጇ ላይ ጫፉ የተሰበረ የሰንሰለት መፍቻ አለ። ከሁለቱ በቀር በአካባቢው ዝር የሚል ሰው የለም። ፒንሳ ስትቃረብ ታናሽየዋ ተነሳች። መንጋጋዋ እየተንቀጠቀጠ ቶሎ መናገር አቃታት።

"እታለም" አለች። ካኮረፉ ወዲህ በዚህ ስም ጠርታት አታውቅም። "መፍቻሽን ወርውሪልኝ። አትቁሚ፣ ወርውሪልኝ ብቻ።"

መፍቻው ፒንሳ ወገብ ላይ ባለው ኪስ ውስጥ ነበር። እጇ ከመሪው ተነስቶ እስከ ኪሱ አፍ ደርሶ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ፒንሳ በዚያ ፊት ላይ ፌዝ ፈለገች፣ ተንኮል ፈለገች፣ አንዳች የሚያናድድ ነገር ፈለገች፤ ያገኘችው ብርድ ብቻ ነው። ያን ጊዜ እንኳ መወርወር ትችል ነበር። ነገር ግን ሰንሰለቱ ከተገጠመ ይህቺ ልጅ በቀጭኑ ጎማዋ ቁልቁለቱ ላይ እንደምትቀድማት ታውቃለች። እጇን ወደ መሪው መለሰች፣ ፔዳሉን ረገጠች፣ አለፈች።

ቁልቁለቱን ስትወርድ ጆሮዋን ወደ ኋላ አቁማ ነበር። ሁለተኛ ከጠራችኝ እቆማለሁ ብላ ለራሷ ማለች። ይህን ስትምል ታናሿ ሁለተኛ እንደማትጠራት ታውቃለች። መፍቻው እስከ መድረሻው ድረስ ወገቧን ሲቆረቁራት ሄደ።

ስንተኛ እንደገባች የነገራት የለም፣ እሷም አልጠየቀችም። እናቷ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ፎጣ አቀበለቻትና ወደ መንገዱ አሻግራ ማየቷን ቀጠለች።

"እህትሽስ?"

"አላየኋትም።"

ሱቁ የፒንሳ ሆነ ማለት ነው። ደስታው እስኪመጣ ጠበቀች። የሰጧትን ትኩስ ነገር ጠጣች፣ ልብስ ቀየረች። አልመጣም፤ ድካሙ ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ዝናቡ ሲብስና አዘጋጆቹ ድንኳን መንቀል ሲጀምሩ ግን እሷም ወደ መንገዱ ማየት ጀመረች። ሄዳችሁ ፈልጓት እንዳትል፣ የት እንዳለች በምን አወቅሽ ትባላለች። ስለዚህ ዝም አለች። አንዲት ሰው ተራራ ላይ በብርድ እየደረቀች እንደሆነ እያወቀች፣ ያውም የእናቷ ልጅ፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ዝም አለች።

ሊመሽ ሲል ታናሽየዋ ብስክሌቷን እየገፋች ብቅ አለች። ቁልቁለቱን ያለ ሰንሰለት ተንሸራታ፣ የቀረውን በእግሯ ነው የመጣችው። አንደኛው ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። እናትየዋ ጃንጥላውን ጥላ ሮጠች፤ ካፖርቷን አውልቃ አለበሰቻት፣ እጆቿን በእጆቿ መሃል ይዛ ታሻቸው ጀመር። ያስቀራት ሰንሰለት መሆኑን ከብስክሌቱ አይታ አወቀች። የት ላይ እንደተበጠሰ ጠየቀቻት፣ ጫፉ ላይ አለቻት።

"እህትሽ በዚያው አይደል ያለፈችው?" አሮጊቷ ይህን ስትል ወደ ፒንሳ አልዞረችም።

ታናሽየዋ ግን ዞራ አየቻት። ፒንሳ ከአንጀቷ የፈለገችው፣ ለራሷም እየገረማት፣ እንድትናገርባት ነበር።

"ጉም ነበር እማዬ። ጥግ ይዤ ነው የተቀመጥኩት። አላየችኝም።"

አሮጊቷ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ፊቷ ላይ ቀኑን ሙሉ ያልነበረ ቀለም ተመለሰ። ፒንሳ አንገቷን ደፋች።

በማግስቱ ጠዋት ታናሽየዋ ዕቃዋን በካርቶን ማሸግ ጀመረች። እናትየው፣ ትንሽ ቆይ፣ ሰውነትሽ ይመለስ ብትላት አልሰማቻትም። ፒንሳ በራሷ በኩል ሆና የካርቶኑን ድምፅ ስትሰማ ቆየች። አንድም ብሎን አልፈታችም። በመጨረሻ አላስቻላትም፤ ዞራ ሄዳ የታናሽየዋ በር ላይ ቆመች። ከጠባቸው በኋላ ያለ እናታቸው በቀጥታ ልታናግራት የመጣችው ያን ቀን ነው።

"እማዬን ለምን ዋሸሻት?"

ታናሽየዋ የመጨረሻውን ካርቶን አንስታ ታቀፈች። "ምን ልበላት?"

"እንዳየሁሽ። እንደለመንሽኝ።"

"ብነግራት ምን ይሆናል መሰለሽ?" ድምፅዋ በብርዱ ሻክሮ ነበር፣ ቁጣ ግን የለበትም። "ትጮህብሻለች። ታለቅሻለሽ። እግሬ ላይ ትወድቂያለሽ፤ እሷ ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ ይቅር በያት ብላ ስትለምነኝ እንዴት እምቢ እላታለሁ? ወር ሳይሞላ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለን ምሳ እንበላለን።" ካርቶኑን ከፍ አድርጋ አመቻቸችው። "እኔ ካንቺ ጋር መታረቅ አልፈልግም። ለዚያ ነው የዋሸሁት።"

ከጓሮ እናታቸው፣ ምንድን ነው እሱ፣ እየተነጋገራችሁ ነው እንዴ ስትል ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበረበት። ሁለቱም አልመለሱላትም። ፒንሳ መውጫውን ዘግታ ቆማ ነበር፤ ታናሽየዋ ካርቶኑን እንደታቀፈች ጠበቀቻት፣ እሷም ወደ ጎን ፈቀቅ አለችላት።