የጥፍር ቀለም ማኅተም

ሰውየው ላፕቶፑን በትራስ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ጥገና ቤቱ ገባ። ክራቫቱን ጥብቅ አድርጎ አስሯል፤ እግሩ ግን ነጠላ ጫማ ውስጥ ነው። ጠጋኟ ላፕቶፑን ስትገለብጠው በየብሎኑ ራስ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ብሎበት አገኘች።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ጋሼ?"

"ማኅተም ነዋ! እናንተ ዕቃ ቀያሪዎች ናችሁ። እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ ፍቺው።"

ስድቡን ዋጥ አድርጋ ፈታችው። የስክሪኑ ገመድ ላልቶ ኖሯል፤ በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርገው ስክሪኑ ቦግ አለ።

"በቃ፣ ሂሳብ የለውም" አለችው።

"በነፃ?" ፊቱ ተለዋወጠ። "ምን ወስደሽ ነው?"

ክዳኑ እንደተገጠመ ከደረት ኪሱ የቀለም ጠርሙስ አወጣና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ይቀባ ጀመር። ያን ያህል ሲነጫነጭ የነበረ ሰው እፍ እያለ፣ ከጠርዝ ሳያሳልፍ ሲቀባ ጠጋኟ አፏን ከፍታ ቀረች።

"ጋሼ፣ ይሄን የት ለመዱት?"

"ባለቤቴ እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ጥፍሯን የምቀባት እኔ ነኝ" አለ፣ ቀና ሳይል። "ለሷም በነፃ ነው የምሠራው፤ እሷም አታምነኝም።"