የቀዩ ቁልፍ ሽቦ

ወርክሾፑ ውስጥ መጀመሪያ የገባሁት መጥረጊያ ይዤ ነው። አማን ከተማ፣ በያድር በሚባል ሠፈር፣ በጎማ ጠጋኝና በብረት በር ሠሪ መካከል ያለች፣ ለፋብሪካ ማሽኖች የመቆጣጠሪያ ፓነል የሚገጣጠምባት ጠባብ ቤት ናት። ጌታዋ አቡ ሰልማ ይባላሉ። ከዚያ በፊት ዴር ግባር ሠፈር ባለው ቤታቸው ታማሚ ሚስታቸውን አስታምም ነበር። ማዳም ሲያርፉ ቤቱ ጭር አለ፤ እኔም ጀበል አል-ሁሴን ሠፈር ክፍል ተከራይቼ ወጣሁ። አቡ ሰልማ ግን አልለቀቁኝም። «ሐያት፣ ያ ቢንቲ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ሥራ ከምትፈልጊ ወርክሾፑን ነይና ጥረጊልኝ።»

የዚያኑ ቀን ትንንሽ ባለቀለም ቆቦች የሞሉበት ሳጥን በክርኔ ገፍቼ ደፋሁ። የተላጠ ሽቦ ጫፉ እንዳይበተን የሚለብሳቸው ናቸው፤ ቀለማቸው እንደ ሽቦው ውፍረት ይለያያል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ምስር ለቀምኳቸው፣ በየቀለማቸውም ለየኋቸው። አቡ ሰልማ ቆመው ያዩኝ ነበር። ስጨርስ መጥረጊያውን ከእጄ ወሰዱና ካቻቢቴ ሰጡኝ። «ይሄ ምፈክ ይባላል» አሉ።

ሙያውን ያስተማሩኝ ቀስ እያሉ ነው። ብሬከር ከመጠን ያለፈ ኮረንቲ ሲመጣ ይቆርጣል። ኮንታክተር በትንሽ ኮረንቲ ታዞ ትልቁን ለሞተሩ ያደርሳል፤ ሪሌይ ታናሽ ወንድሙ ነው። ተርሚናል ላይ ሽቦዎቹ ተሰልፈው በብሎን ይታሰራሉ። «አስረሽ ስትጨርሺ ጎተት አድርጊው» ይሉኝ ነበር። «የታሰረና የታሰረ የሚመስል አንድ አይደሉም።»

ያስቸገረኝ አንድ ቃል ነው። እኛ በአማርኛ ቴሌቪዥኑን ክፈቺ ካልን ይሠራል፣ ዝጊ ካልን ይጠፋል። የአማን ሰውም «ኢፍተሒ»፣ «ሰክሪ» ሲል እንዲሁ ነው፤ ማዳም ቤት በእነዚህ ሁለት ቃላት ስታዘዝ ኖሬያለሁ። ፓነል ውስጥ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኮንታክት የሚባለው የሁለት ብረት ጫፎች መገናኛ ነው፤ ክፍት ኮንታክት ማለት የተለያየ፣ ኮረንቲ የማያልፍበት ነው። ዝግ ማለት የተገናኘ፣ የሚያልፍበት።

እኔ ምኑን አውቄ! ለአንድ ዳቦ ቤት ማቡኪያ ማሽን በሠራሁት በመጀመሪያው ፓነሌ፣ ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ በክፍቱ ኮንታክት አሰርኩት። ጠረጴዛ ላይ ስንሞክረው አረንጓዴውን ብጫን ብጫን ሞተሩ ዝም። አቡ ሰልማ ገብቷቸው «ቀዩንም አብረሽ ተጫኚው» አሉኝ። ስጫነው ሞተሩ ተነሣ። ቀዩን ስለቅ ቆመ።

«ማሻላህ! ቁም ሲሉት የሚሮጥ ሞተር! ቁርጥ ልጄን ሰልማን!» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ማዳም ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። እኔም እያፈርኩ ደስ አለኝ።

ከዚያ አስቀምጠው አስረዱኝ። «የማቆሚያ ቁልፍ ዝግ ነው የሚሆነው። ማሽኑ ሲሠራ ኮረንቲው ሁልጊዜ በሱ በኩል ያልፋል፤ ሲጫኑት ይቋረጥና ማሽኑ ይቆማል። አይጥ ሽቦውን ብትበላው፣ ብሎኑ ቢላላም ይቋረጣል፤ ማሽኑ ራሱ ይቆምና ብልሽት እንዳለ ታውቂያለሽ። በክፍቱ አስረሽ ሲጫኑት በሪሌይ እንዲያቆም ብታደርጊው ግን ሽቦው ሲበጠስ ማን ይነግርሻል? የምታውቂው የሰው እጅ ማሽን ውስጥ የገባ ቀን ነው።»

ዓመታት አለፉ። የአቡ ሰልማ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ ጉልበታቸው ከዳቸውና ቤት ዋሉ። ወርክሾፑ በእኔ እጅ ቀረ። ሰልማ ዱባይ ናት። ዴር ግባር፣ በዚያ ትልቅ ቤት፣ ብቻቸውን ወድቀው ቢቀሩ ማን ይሰማቸዋል? ይህ ሐሳብ ሥራ ላይ እያለሁ እንኳ አይለቀኝም ነበር።

ሰልማም ጨንቋት አንገት ላይ የሚንጠለጠል የመጥሪያ ቁልፍ ላከችላቸው። ሲወድቁ ቢጫኑት የእኔና የእሷ ስልክ ይጮኻል። አቡ ሰልማ ገልበጥ አድርገው አዩትና መለሱልኝ።

«ሐያት፣ ይሄ ክፍት ኮንታክት ነው። ባትሪው ቢያልቅ፣ እጄ ባይደርስበት፣ ማን ይነግራችኋል?»

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ ዐሞ?» አልኳቸው፤ አጎቴ ማለቴ ነው።

«ጠዋት ጠዋት ወርክሾፑን ስትከፍቺ እኔ እደውልልሻለሁ። ካልደወልኩ ነይ።»

ይደውሉም ጀመር። ይህ ነው የሚባል ወሬ አልነበራቸውም።

«ሰባሕ አል-ኸይር» ብለው እንደምን አደርሽ ይሉኛል። «ከፈትሽ?»

«ከፍቻለሁ፣ ዐሞ።»

«እኔና አንቺ ግን ዝግ ነን» ይሉና በራሳቸው ቀልድ ይስቃሉ።

ሥራ ሲበዛብኝ ስልኩን እያጉረመረምኩ አነሣዋለሁ። ድምፃቸውን ሳልሰማ ግን እጄ ሥራ አይዝልኝም። እወዳቸዋለሁ፤ እንደ ወለደኝ አባቴ።

አንድ ጠዋት ስልኩ አልጮኸም። ተኝተው ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ደወልኩ፤ አይነሣም። በሩን እንኳ በቅጡ ሳልቆልፍ ወጥቼ ታክሲ አስቆምኩ። «ዴር ግባር፣ ቢሱርዓ፣ አላህ የኸሊክ!» አልኩት ሾፌሩን፣ እባክህ ፍጠንልኝ ማለቴ ነው።

የቤቱ ቁልፍ እኔም ጋ ነበር። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ ከንፈራቸው ደርቋል፤ ዐይናቸው ግን በሩ ላይ ነበር። የሰልማ መጥሪያ መኝታ ቤት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

አምቡላንስ ጠርቼ፣ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

«አታልቅሺ፣ ያ ቢንቲ» አሉኝ። «ሽቦው ተበጠሰ፣ አንቺ መጣሽ። ጥሩ አድርገን አስረነው ነበር።»

አሁን በምርኩዝ ይሄዳሉ። ዛሬም ጠዋት ደውለዋል።

ወደዚህ ሙያ ለምትመጡ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። የማቆሚያ ቁልፍ በዝግ ኮንታክት ይታሰራል። ካሰራችሁት በኋላም ጎተት አድርጉት።