የቦቢ እግር

ጳጉሜን 5፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም። የጎረቤታችን የእትዬ የሺ የበዓል ዶሮ ጠፋ።

«ያንተ ውሻ ነው የበላው! ዛሬውኑ ከግቢው ይውጣልኝ!» አሉኝ። ልጆቼ ማልቀስ ጀመሩ።

ውሻችን ቦቢ፣ ሴተር ከሚባል የወፍ አዳኝ ዝርያ ነው፤ እኛ ቤት ግን ሥራው ሶፋ ላይ መተኛት ነው። አልፎ አልፎ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ታሞ መስሎን ሁለቴ መርፌ አስወግተነዋል።

ዛሬም ውሃ ታንከሩ ፊት ቆመ። «ወይኔ፣ ደግሞ እግሩን ጀመረው!» አለች ባለቤቴ።

ጎንበስ ብዬ ከታንከሩ ሥር ሳይ፣ ዶሮው! ላባው እንኳ አልተነካም። ለካ የእሱ ዝርያ ወፍ ሲያገኝ እግሩን አንስቶ ነው ለአዳኙ የሚጠቁመው፤ ውሻው ይህን ሁሉ ጊዜ እየጠቆመን ኖሯል!

ይህን ጽሑፍ ሽንኩርት ለመግዛት ተሰልፌ ስጽፍ እትዬ የሺ ደወሉ። «ሦስተኛ ፎቅም ዶሮ ጠፍቷል፤ ቦቢን ይዘህ ድረስ!»

እናንተስ ታሟል ብላችሁ ያሳከማችሁት፣ ለካ ሥራ ላይ የነበረ እንስሳ አለ? ጻፉልኝ። እኔ ሰልፉን ትቼ ወጥቻለሁ።