የሊዲያ ሽማግሌ

ይህን ነገር ከአፌ ስትሰማ አንተ የመጀመሪያው ነህ። ሚስቴ አታውቅም። የንስሐ አባቴም አያውቁም፤ ከእሳቸው የደበቅኩት ደግሞ ረስቼው አይደለም። ጾም በገባ ቁጥር እሄዳለሁ፣ እንበረከካለሁ፣ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ያለአግባብ የበላሁትንና የጠጣሁትን ሁሉ እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው «ይፍቱኝ» ብዬ እነሳለሁ። ለምን? የሚሉኝን ስለማውቀው ነዋ። «ሂድና ለልጅቷ ንገራት» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ያን ማድረግ አልችልም። ስለዚህ አንተ ላይ ወደቅኩ፣ አንባቢዬ፤ አንተ ሂድ ብትለኝም አታስገድደኝም።

እዚህ በስደት፣ ሐበሻ በሞላበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ሰዎች «ኢንጂነር» ይሉኛል። ኢንጂነርነቱ ስሙ ብቻ ነው የቀረኝ፤ የምሠራው ፓርኪንግ ነው። ግን ተምሬያለሁ፣ አልዋሸሁም። በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተልኬ ያኔ ፍሩንዜ በሚሏት፣ ዛሬ ቢሽኬክ በምትባለው በኪርጊዞች ከተማ ነው የተማርኩት። እዚያ ከተማ ውስጥ ልጅ አለኝ። ገና መሄድ ሳይጀምር ትምህርቴን ጨርሼ ወጣሁ፤ እጽፋለሁ ብዬ ለእናቱ ምዬ አንድም ቀን ሳልጽፍ ቀረሁ። ሚስቴን ሳገባ «ልጅ የለኝም» አልኳት። ይህ ራሱን የቻለ ኃጢአት ነው፤ ዛሬ የምናዘዘው ግን እሱን ለመሸፈን ብዬ የሠራሁትን ሌላውን ነው።

ጌታሁን የሚባል ወዳጅ ነበረኝ፤ ኤርፖርት ላይ ታክሲ የሚነዳ፣ ካልቨር ሲቲ የሚኖር፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው። ሚስቱ ሞታበት አንድ ልጁን ሊዲያን ብቻውን ነው ያሳደጋት። ጸጉሯን መሥራት ሲያቅተው ወደ ሥራ ሲሄድ እግረ መንገዱን የእኛ ቤት ያደርሳትና ሚስቴ ትሠራላት ነበር። ከፌርፋክስ ሽቅብ ሲወጣ ከሶቪየት አገር የመጡ አዛውንቶች የሚኖሩበት ሰፈር አለ። ሊዲያ ሃይስኩል እያለች ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ አንዲት አሮጊት ቤት ትሠራ ነበርና ሩሲያኛውን ከእሳቸው ለቀመችው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባም ከጤና ትምህርቷ ጋር አያያዘችው። በፓርኪንጉ በኩል ስታልፍ በሩሲያኛ «እንዴት ዋልክ?» ትለኛለች፤ እኔም በዛገው ሩሲያኛዬ እመልስላታለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ይለኝ ነበር። የራሴ ልጅ የምትሆንባቸው ቀናት ነበሩ።

በስልክ የሚጠራው መኪና መጥቶ የታክሲውን ሥራ መግደል የጀመረበት ሰሞን ነው። ዩኒቨርሲቲዋ ተማሪዎቹን በበጋ ሩሲያኛ ወደሚነገርባቸው አገሮች ለልምምድ ይልክ ነበርና ሊዲያም አመለከተች። አንድ ቀን እየሮጠች መጣች። «ጋሼ፣ ቢሽኬክ ደረሰኝ! ያንተ ከተማ! የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ ነው፣ ካን ዩ ቢሊቭ? ሶ፣ የተማርክበትን ሄጄ ፒክቸር አነሳልሃለሁ። የሚያውቁህ ሰዎች ካሉ ደግሞ ፈልጌ አገኛቸዋለሁ፣ አይ ፕሮሚስ!»

ሳቅኩላት። ወዲያው ግን ማሰብ ጀመርኩ። ከተማዋ ትልቅ አይደለችም፣ የእኛን መልክ ይዞ ያደገ ልጄ እዚያ ከሰው ዓይን አይሰወርም። በእነሱ ደንብ ደግሞ ሰው ሲከበር ከነአባቱ ስም ነው የሚጠራው። የእኔ ስም፣ እኔ የሸሸሁት ስም፣ በዚያ ከተማ በየቀኑ ይጠራ ነበር ማለት ነው። ይህች ልጅ ስሜን ይዛ በየሰዉ በር ልትዞር ነው። ከዚያ በፌስቡክ ፎቶ ልትልክ፣ ሚስቴ ልታይ፣ ፌርፋክስ ሁሉ ሊሰማ።

ጌታሁን ስትነግረው እሺም እምቢም አላለም፣ «እስቲ እናያለን» ነው ያለው። ሊዲያ ፈቃዱን ሳትጠይቅ መሄድ ትችል ነበር፤ አብረዋት የሚማሩት የፈረንጅ ልጆች ማንንም አልጠየቁም። እሷ ግን የአባቷን ምርቃት ሳትይዝ አውሮፕላን አልሳፈርም አለች። እናም እኛ እንደምናደርገው አደረገች፣ ሽማግሌ ላከች። የላከችው እኔን ነው።

«ጋሼ፣ አንተን ይሰማል፤ አገሩንም ታውቀዋለህ። ፕሊዝ፣ ሽማግሌ ሁነኝ።»

እሺ አልኳት። እሺ ስል ምን ላደርግ እንደሆነ አውቅ ነበር? ይህን ጥያቄ ራሴን ስንት ጊዜ ጠየቅኩት። አላውቅም ነበር ብል ደስ ባለኝ። አውቅ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጌታሁን ቤት ሄድኩ። እሷ ታች መኪና ውስጥ ቀረች። ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፤ ቆሞ ይለምናል፣ ውሃም ቢሆን አይቀምስም። እኔ ግን እንደገባሁ ተቀመጥኩ። ጌታሁን ነገሩ አስቆት «ምን ዓይነት ሽማግሌ ነህ አንተ?» አለኝ። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አለና ሳቁን ተወው።

«ለምን እንደመጣህ ገብቶኛል። እኔም እኮ ልልካት ነው ያሰብኩት። ግን ካንተ አፍ ልስማ ብዬ ነው። ያንተ ልጅ ብትሆን ትልካት ነበር?»

አየህ? ሰውየው ፈቅዷል። ከእኔ የሚፈለገው አንድ ቃል ነበር፤ «አዎ» ብዬ ምሳዬን በልቼ መውጣት። እኔ «አልልክም» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ከዚያም አንድ ጓደኛችን አውቶቡስ ሲጠብቅ ሰካራም ጎረምሶች ከበው የደበደቡትን፣ አንድ ዓይኑን ያጣበትን ታሪክ ነገርኩት። ታሪኩ እውነት ነው። የሆነው ግን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ዘመን ነው፤ ይህን አልነገርኩትም። ፍሩንዜ ውስጥ እኔን ማንም ክፉ ሰው አልነካኝም። ሲበርደኝ ካልሲ ሠርታ የሰጠችኝ ጎረቤት ነበረችኝ። በዚያ ከተማ ክፉ ሥራ የሠራሁት እኔው ራሴ ነኝ። «ጥቁር ሴት ልጅ ብቻዋን?» አልኩት። «እኔ በበኩሌ እጄን አላስገባም።»

የጌታሁን ፊት ጠቆረ። ከዚያ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለውን ነገር ተናገረ። «በቃ። አባትሽ ነው እምቢ ያለው በላት። አንተ ነህ ያስቀረኸኝ እንዳትልህ። አባት ላይ መኩረፍ ያልፋል፣ አንተን ግን ታከብርሃለች፣ አይበላሽባችሁ።»

የእኔን ጥፋት እሱ ተሸከመልኝ። እኔም አሸከምኩት! ደረጃውን ወርጄ የመኪናዋን መስኮት አንኳኳሁና «ለመንኩት፣ ልጄ፤ እምቢ አለኝ» አልኳት። አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ እጄን ሳመችኝ። «ታንክ ዩ ጋሼ፣ አንተ እንኳ ሞክረሃል።»

ዕድሉ ለሌላ ተማሪ ተሰጠ። ሊዲያ ትምህርቷን ስትጨርስ ፓሳዴና ሆስፒታል ሥራ ያዘችና እዚያው ተከራየች። አባቷ ጋ መምጣት ተወች፤ ለበዓል ትደውላለች፣ «እንኳን አደረሰህ» ትላለች፣ ትዘጋለች። ጌታሁን ምሳውን ይዞ ፓርኪንጉ ይመጣና አብረን እንበላለን። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ያስቀምጠዋል። «ያልፋል፣ ልጅ አይደለች?» ይለኛል። አንድም ቀን «በአንተ ምክንያት» አላለኝም፤ እሱ እንዲያውም ከአደጋ ያተረፍኩለት ነው የሚመስለው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔስ? አብሬው በበላሁ ቁጥር እየከበደኝ ሄደ። ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ! ስንት ጊዜ ዳቦ ጎረስኩበት!

አንድ ቀን ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ፣ መሪው ላይ እንደተደገፈ ሞቶ ተገኘ። ልቡ ነው አሉ።

ለቅሶው ላይ ሊዲያ ሰዉን ሁሉ አልፋ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ያን ቀን አባዬ ምን አለህ? ሪዝን ነበረው አይደል? እኔ እኮ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ዝም ብዬ ተናደድኩበት።»

ይኸው፣ እግዚአብሔር በሩን ከፍቶልኝ ነበር። ከዚህ የተሻለ ሰዓት አልነበረም። እኔ ግን «ስለሚወድሽ ነው» አልኩ። እውነት ነው፤ በዚህኛውም እውነት ዋሸሁበት። ትከሻዬ ላይ ተደፍታ «ይቅር ሳልለው ሞተብኝ» እያለች ስታለቅስ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩላት። ምኑን ነው ይቅር የምትለው? ምን በደላት? እኔ ይህን እያወቅኩ «አይዞሽ» እላታለሁ።

አሁን ምን ላድርግ? ብነግራት ያለጥፋቱ የቀጣችውን አባቷን ሁለተኛ ትቀብረዋለች፤ ይቅርታ የምትጠይቀው ሰው የለም። ባልነግራት ጌታሁን የእኔን ጥፋት ይዞ መቃብር ውስጥ ይኖራል። ወዲያ ብል ገደል፣ ወዲህ ብል ገደል። ዝም የምለው ለእሷ ስል ነው እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። አትመነኝ። ለራሴ ነው። ዛሬም ሚስቴን እፈራለሁ፣ ዛሬም ልጄን እፈራለሁ። የራሴን ልጅ ፈርቼ የሰውን ልጅ ከአባቷ ለየሁ፤ እሱ ከሞተ በኋላም ከመፍራት አልዳንኩም።

ወጣት ሆኜ ነው፣ ስደት ነው አልልህም። ጎልማሳ ነበርኩ፣ አእምሮዬ ሙሉ ነበር፣ ምሳ ተጋብዤ ነበር። እግዚአብሔር ይፍታህም አትበለኝ፤ ለልጅቷ ሳልናገር ማን ይፈታኛል?

ሊዲያ አሁን ከፓሳዴና እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። «አንተ ነህ የቀረኸኝ» ትለኛለች፤ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጤናዬ ረጅም ሰዓት እናወራለን። ጌታሁን ሲጠብቀው የኖረውን ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ።