ለቡችላዋ ሥጋ የተቀቀለበት የጾም ድስት

የባሌ አርባ በወጣ በሳምንቱ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ደወለልኝ። ከአዲስ አበባ የተላከ ዕቃ ይዣለሁ፣ መናኸሪያ መጥተሽ ውሰጂ አለኝ። ዕቃው ቡችላ ነበር።

ባሌ በሕይወት ሳለ ያዘዛት ናት። ዘሯ አዛዋክ ይባላል፤ የሰሃራ ዘላኖች ለአደን የሚያረቡት፣ እዚህ አገር እንደ ልብ የማይገኝ ውሻ ነው። ያኔ "ታዲያ ለእኛ ምን ይሠራልናል?" ብዬው ነበር። በካርቶን ታቅፌ በባጃጅ ዓባይ ማዶ ወዳለው ቤቴ ወሰድኋት። ደስም አላለኝ፣ አልከፋኝምም። በዚያ ሰሞን ምንም አይሰማኝም ነበር፤ ሰው ሲያጽናናኝ አፉን አያለሁ እንጂ የሚለውን ልብ አልልም።

ዘሯ ነውና ጠግባም የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ይህን ለጎረቤት ማን ያስረዳል? "ምነው እንስሳውን በረኃብ ገደልሽው" እያሉ በአጥር ቂጣ ይወረውሩላታል። አንድ ሁለቴ አስረዳሁ፤ ከዚያ ደከመኝና ተውሁት። የፈለጉትን ይበሉኝ።

ሁዳዴ ገባ። እንጀራ በሽሮ እየፈተፈትሁ አበላኋት። በሁለተኛው ሳምንት የፊት እግሮቿ ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ ሐይቁ ዳር ሳወጣት ጥቂት ትራመድና ቁጭ ትላለች። የእንስሳት ሐኪሙ እግሯን ዳብሶ፣ "ሥጋ ካላገኘች ይህ አጥንት አይጠናም፤ ትሞትብሻለች" አለኝ። የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሁሉ ዝግ ነው። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ የሙስሊም ሥጋ ቤት ሄድሁ። ባለ ሥጋ ቤቱን "ለውሻ ነው" ስለው፣ "በዚህ ወር የሚመጣው ሁሉ እንዲያ ነው የሚለኝ" ብሎ ሳቀብኝ።

አባባ፣ ማለት አባቴ፣ ቄስ ናቸው። ባሌ ከሞተ ወዲህ፣ ቅዳሴ ሲወጣ በየቀኑ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ እኔ ዘንድ መጥተው ነው እህል የሚቀምሱት። እሳቸው ካልመጡ እኔም እንደማልበላ ያውቃሉ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደየጉዳዩ ሄዷል፤ በሬን የሚያንኳኳ ሌላ ሰው አልነበረም። ቀዳሽ ስለሆኑ ውሻ ልብሳቸውን እንዳይነካቸው፣ በመጡ ቁጥር ቡችላዋን በረንዳው ላይ አስራታለሁ።

አንድ ቀን ሽሮ ልጨምርላቸው ጎንበስ ስል ድስቱን አየሁት። የፍስክ ድስቶቹን በቅበላ ዕለት አጥቤ ቆጥ ላይ ሰቅያቸዋለሁ። ታዲያ የቡችላዋን ሥጋ በምን ስቀቅል ኖሬያለሁ? በዚሁ። ጠዋት ሥጋ፣ ከዚያ እጠባ፣ ከዚያ የአባባ ሽሮ። ስንት ቀን እንደሆነ እንጃ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ቄስ አባቴን በገዛ እጄ ጾም እያስገደፍሁ ግን እንዴት ዝም ልበል?

"አባባ፣ በዚህ ድስት ለውሻዋ ሥጋ ስቀቅልበት ነበር፤ አላስተዋልሁም" አልኋቸው።

የጎረሱትን አውጥተው ትሪው ጥግ ላይ አኖሩት። እጃቸውን ታጠቡ፤ መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። አዲስ ድስት ገዛሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወጡን አቀርባለሁ፤ ሲቀዘቅዝ እከድነዋለሁ። የቡችላዋ እግር ጠንቶ በረንዳው ላይ ሽር ትላለች። አባቴን ያሳጣሽኝ አንቺ ነሽ ብዬ ልጠላት ሞከርሁ፤ እሱም አልሆነልኝም። ከእንግዲህ አይመጡም ብዬ ደመደምሁ፤ ያም ሆኖ ውስጤ ጭጭ እንዳለ ነው።

በአራተኛው ቀን መጡ። የበረንዳዬ ደረጃ ሁለት ናት፤ እሷኑ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ነው የወጧት።

"የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነበር" አሉኝ ቁጭ እያሉ። "ከሰንበት በቀር በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ጨመሩብኝ፤ እስከ ፋሲካ።"

"የእኔስ?"

"ያንቺንም ወሰድሁት። ልጄ አሁን እንኳን ልትሰግድ ቆማም አትሄድ፣ እኔ ልስገድላት ብዬ ለመንኋቸው። እሺ አሉኝ።"

ትሪውን ላቀርብ ቀና ስል ግንባራቸው ላይ አፈር አየሁ። የዕለቱን የእሳቸውንም የእኔንም ሰግደው ነው የመጡት፤ በዚያ ጉልበት። ትሪውን እንደያዝሁ መሬት ቁጭ አልሁና አለቀስሁ። ባሌን የቀበርን ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀስሁም። ስሙን እየጠራሁ አለቀስሁ።

አባባ አላባበሉኝም። "አልቅሺ" አሉኝ፤ ትሪውን ከእጄ ተቀበሉና፣ ርቧቸው ኖሮ፣ መብላት ጀመሩ።